«አንዳንዴ ነው» ያለው ሾፌር

አንድ ደርብ የሚባል የፒክአፕ ሾፌር በአንዲት የደጋ ከተማ ይኖር ነበር። ሥራው ከቆላ መንደሮች እህልና ሰው እየጫነ ወደ ከተማ ማውጣት ነው። መንገዱ ዳገት፣ አፈሩ ቀይ ጭቃ ስለሆነ ዝናብ ሲነካው ያንሸራትታል። አራቱንም ጎማ የሚያሠራውን ፎር ዊል ያላስገባ መኪና አይወጣውም። ሌሎቹ ቆመው ሲቀሩ የደርብ መኪና ይወጣው ስለነበር የቆላ ሰው «ደርብ ካለ መንገድ አለ» ይል ነበር።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ደርብ ከዳገቱ ሥር ፎር ዊሉን ሲያስገባ ከፊት ጎማዎቹ መሀል ጠጠር የሚያኝክ የሚመስል ድምፅ ሰማ። ሲያወጣው ድምፁ ጠፋ፤ ሲያስገባው ተመለሰ። ታላቅ ወንድሙ አንለይ አጠገቡ ተቀምጦ ነበር። አንለይ ቆላ የሚያርስ ገበሬ ነው፤ ደርብን ያሳደገውም እሱ ነው።

«ይቺ መኪና አሟታል» አለው።

«ጭቃው ነው ጋሼ።»

ጭቃው እንዳልሆነ ደርብ ያውቃል። ጠዋት ጠዋት መኪናዋ ካደረችበት ቦታ ላይ የዘይት ጠብታ ያይ ጀምሯል። ሚስቱ ይታይሽ እንዳታየው ብሎ መኪናዋን ከደጃፉ አንስቶ ሳሩ ላይ ያቆማት ጀመር። የመኸር ጊዜ ደርሷል። መኪናዋ ጋራዥ ብትገባ ሥራው ለሌላ ሾፌር ይሄዳል፤ ስሙም አብሮ ይሄዳል። እንዲህ እያሰበ ዝም አለ።

አንለይ ግን አልተወውም። በመጨረሻ ደርብ አብሮ አደጉ ወደሆነው ወደ መካኒኩ ሁነኛው ዘንድ ሄደ።

«ምን ሆነችብህ?» አለ ሁነኛው።

«ድምፅ ነገር አላት መሰለኝ።»

«መቼ ነው የምትጮኸው? ስትታጠፍ ነው? ፍሬን ስትይዝ? ወይስ ፎር ዊል ስታስገባ?»

ደርብ ወደ መሬት አየ። «እንጃ፣ አንዳንዴ ነው» አለ።

ሁነኛው መኪናዋን በደረቁ አስፋልት ላይ ወስዶ መለሳት። «ምንም አልሰማሁም። ደግማ ከጮኸች እየጮኸች አምጣልኝ» አለው። ደርብ ሸክም እንደወረደለት ሰው ቀለል ብሎት ወጣ። ለአንለይም «ሁነኛው አይቷታል፣ ደህና ናት» ሲል ነገረው።

በጋው ደረቅ ነበር፤ ፎር ዊል የሚያስፈልግበት ቀን አልመጣም። ድምፁም አልተሰማም። ደርብ የዳነች መሰለው።

ሰኔ ላይ አንለይ እያረሰ ሳለ የገዛ በሬው ደንብሮ ጭኑን ወጋው። ጎረቤቶቹ ቁስሉን በነጠላ ጥፍር አድርገው አሰሩና ለደርብ ደወሉለት። እየበረረ ወረደ። ወንድሙን ከኋላ አስተኝተው፣ ሰዎች ደግፈውት ወደ ከተማው ሐኪም ቤት መንገድ ሲጀምሩ ዶፍ ዝናብ ወረደ።

ከዳገቱ ሥር ደርብ ፎር ዊሉን አስገባ። ድምፁ ተነሣ። እየጸለየ ነዳጅ ረገጠ። እኩሌታው ላይ ሲደርሱ ከፊት አንድ ነገር ተሰበረ፤ መኪናዋም ወደኋላ ተንሸራታ ቦይ ውስጥ ገባች።

አንለይን አውርደው በቃሬዛ ተሸከሙት። ደርብ በራስጌው በኩል ይዟል። አንለይ ዓይኑን ገልጦ «ሁነኛው አይቷታል አላልከኝም?» አለው። ሊወቅሰው አልነበረም፤ ግራ ገብቶት ነው የጠየቀው።  ዳገቱን ሳይጨርሱ አንለይ አረፈ።

ከቀብሩ በኋላ ሁነኛው መኪናዋን አስጎትቶ ፎር ዊል ሲገባ የፊት ጎማዎቹን የሚያዞረውን ዲፈረንሻል ፈታ። የማርሾቹ ጥርስ ተበልቷል፤ ውስጡም ደርቋል።

«ዘይቱ እንዳይፈስ የሚይዘው የጎማ ቀለበት ተቀድዶ ኖሯል» አለ። «ዘይቱ ፈሶ አለቀ፣ ብረት ብረትን በላ። ያኔ ባውቅ ኖሮ ቀለበቱን ቀይሬ፣ ዘይት ሞልቼ በዕለቱ እሰድህ ነበር። ፎር ዊል ስታስገባ እንደምትጮህ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ስጠይቅህ?»

«ፈትተህ እንዳታቆምብኝ ፈራሁ።»

ሁነኛው እጁን ጠረገ። «እኔም ፎር ዊሉን ሳላስገባ ነው ምንም የለም ያልኩህ» አለ።

መኪናዋ ተሠራች። ዛሬም ያንን ዳገት ትወጣለች፤ የሚነዳት ግን ሌላ ሰው ነው። ደርብ የሚታየው የሁነኛው ጋራዥ ደጃፍ ተቀምጦ ነው። መኪና ይዞ የመጣን ሾፌር ሁሉ «ሁሉንም ንገረው» ይለዋል። አንዳንዱ ይሰማዋል፤ አብዛኛው ግን ራሱን የነካው መስሎት ያልፈዋል።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። ደርብ ግን በሽታውን ጨርሶ አልደበቀም። ግማሹን አሳየ፤ በግማሹም የሚፈልገውን መልስ አገኘ። ይህ ከመደበቅ ይብሳል፤ የደበቀ ሰው ቢያንስ እንደፈራ ይኖራል፣ ግማሹን የተናገረ ግን ተማምኖ ይተኛል። ሌላውም እሱን አምኖ ይሳፈራል።

ለሐኪም፣ ለንስሐ አባት፣ ለትዳር ጓደኛ «አንዳንዴ ነው» ብለን ያለፍነው፣ መቼ እንደሚጮህ ግን አሳምረን የምናውቀው ነገር የለንም? ዳገቱ ሲመጣስ ከኋላችን ተሳፍሮ የሚገኘው ማን ይሆን?