ሰርዶ የከሰሰችው ክር

ተረት አለኝ፤ «አምጣው» በሉኝ። አላችሁ? እንግዲያው ስሙ።

ድሮ ድሮ፣ ሳርም ክርም አፍ አውጥተው በሚናገሩበት ዘመን፣ በአንዲት ደጋ ከተማ የኳስ ሜዳ ላይ ሰርዶ የሚሏት ሳር ትኖር ነበር። ኳስ ያኔ ከየት መጣች ብላችሁ አትከራከሩኝ፤ በእኔ ተረት ውስጥ ነበረች።

ሰርዶ ኩሩ ናት። ግን ክረምት በመጣ ቁጥር ሜዳው ይጨቀያል፣ የተጫዋቾቹ ታኬታ ይነቅላታል፣ በግቡ አፍ ላይ መላጣ ትሆናለች። አንድ ዓመት የሜዳው ጠባቂ ጋሽ ውባንተ አጠገቧ ቁጢጥ አሉና፣ «እንግዲህ ሰርዶዬ፣ ዘንድሮም ጭቃ ከሆንሽ የከተማው ሹሞች ሲሚንቶ ሊያፈሱብሽ ነው። ብለምናቸው አልሰማ አሉኝ» አሏት። ሰርዶ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣች።

ብዙም ሳይቆይ ጋሽ ውባንተ መርፌ ያለው ማሽን አስመጡ። መርፌው አረንጓዴ የፕላስቲክ ክር እየጎረሰ መሬቱን ወጋ፣ ወጋ፣ አሁንም ወጋ። ክሩ በሰርዶ መሃል ጫፉን ብቻ ብቅ አድርጎ ቆመ። ሲነጋም፣ «እንደምን አደሩ እትዬ ሰርዶ» አላት።

ሰርዶ አልመለሰችለትም። ነውር መሆኑን ታውቃለች፤ ግን ፈርታለች። ሲሚንቶው ሳይደርስ ይሄኛው ሊተካኝ ነው አለች በሆዷ። ሰነባብታም ሽማግሌ ጠራች። ኤሊ መጣ፣ ጃርት መጣ፣ ቁራ መጣ። በግቡ ብረት ጥላ ሥር ተቀመጡና ክሩን ይጠይቁት ጀመር።

«ውሃ ትጠጣለህ?» አለ ኤሊ።

«አልጠጣም፣ አባ ኤሊ።»

«ታቆጠቁጣለህ?» አለ ጃርት።

«አላቆጠቁጥም።»

«ሲያጭዱህ መልሰህ ታድጋለህ?» አለ ቁራ።

«አላድግም። እንደ ቆረጡኝ እቀራለሁ።»

ሰርዶ ይሄን ስትሰማ ልቧ ሞላ። «የማይጠማ ፍጡር የእኔን ጥም በምን ያውቃል? ዘመዴ አይደለም። ይነቀልልኝ» አለች። ሽማግሌዎቹ ተንሾካሾኩ፤ ከዚያም ይነቀል ብለው ፈረዱ።

ክሩ አልተከራከረም። በራሱ ሄዶ ቢያገላግላት ደስ እንደሚለው፣ እግር ግን እንደሌለው ነገራቸውና ራሱን ሰጣቸው።

መጀመሪያ ቁራ በአፉ ነክሶ ሳበው። ክሩ ንቅንቅ አላለም፤ ሰርዶ ግን ተንቀጠቀጠች። ነፋስ ነው አለች።

ቀጥሎ ጃርት ዙሪያውን ቆፍሮ ሳበው። ክሩ ትንሽ ከፍ አለ፤ ሰርዶ ግን ቢጫ ሆነች። ፀሐይ ነው አለች።

በመጨረሻ ሦስቱም አንድ ላይ ነክሰው ሳቡት። ያኔ ሰርዶ፣ «ኧረ ሥሮቼን፣ ሥሮቼን ተዉልኝ» ብላ ጮኸች።

ደንግጠው ለቀቁት። ኤሊ አንገቱን አስግጎ ጉድጓዱን አየ። የሰርዶ ሥሮች ከታች ክሩን ጥምጥም አድርገው ይዘውት ነበር።

«አንቺ ሰርዶ፣ ከላይ ከሰሽው፤ ከታች ግን አቅፈሽዋል» አላት ኤሊ።

«መቼ?» አለች ሰርዶ።

ኤሊ ሥሮቿ እሷን እንዳላማከሯት ነገራት። መሬቱ ሲላላ የሚጨብጡት ነገር ፈልገው ነበር፤ ያገኙትም ክሩን ነው።

ሰርዶ ወደ ክሩ ዞረች። «አንተስ? እያወቅህ ለምን አልተናገርህም?»

«ሰላምታዬን እንኳ አልተቀበሉኝም፤ ይህን ብነግርዎት ያምኑኝ ነበር?» አላት።

ሰርዶ አፈረች። ይቅር በለኝ አለችው፤ ክሩም ቂም አልያዘም። ጃርት የቆፈረውን አፈር መልሶ ደፈነ።

ክረምቱ ገባ። ዝናቡ ወረደ፣ ታኬታው ረገጠ። ሲሚንቶ ሊያፈሱ የመጡት ሰዎች ሜዳውን ዞሩት፤ ጭቃ አጡና ተመለሱ። ሰርዶ የተነቀለችው ጃርት በቆፈረበት፣ ሥሮቿ ክሩን በለቀቁበት ቦታ ብቻ ነው። እዚያ መዳፍ የምታህል መላጣ ቀረች።

ተረቴ ይኸው ነው፤ ለእናንተ ሰጥቻችኋለሁ። አጠገባችሁ የቆመውን «ንቀሉልኝ» ከማለታችሁ በፊት፣ እናንተ ራሳችሁ ምን ይዛችሁ እንደቆማችሁ ጎንበስ ብላችሁ እዩ።