የጨዋ መሬትና የግራዝማች ኮሶ

መሪጌታ ይትባረክ አሉት ከሚባለው ግማሹን እንኳ ብለውት ቢሆን ኖሮ ቅኔ የሚያስተምሩበት ጊዜ ባልተረፋቸው ነበር። ይህኛውን ግን በእርግጥ ብለውታል ይላሉ፣ የሰሙት ሰዎች የልጅ ልጆች።

የአገሩ ጌታ ግራዝማች አስናቀ፣ የክተት ነጋሪት ካልተጎሰመ በቀር ጤነኛ ሰው ነበሩ። ነጋሪት በተጎሰመ ማግስት ግን ኮሶ ይጠጣሉ። ኮሶ የጠጣ ሰው ደግሞ ከቤት አይወጣም፣ እንግዳም አያነጋግርም፤ ደንብ ነው። አንድ ቀን በግብር ላይ «መሪጌታ፣ የእኔ ኮሶ እንዴት ያለ ኃይለኛ መሰለዎት» አሏቸው።

«አውቃለሁ፤ እስካሁን ሦስት ዘመቻ ድል አድርጓል።»

ሌላ ጊዜ ግራዝማች በዘራቸው ሲኩራሩ፣ «እኛ ከጥንት ጀምሮ ጨዋ ነን። እስቲ ቃሉ ከየት እንደመጣ ለእነዚህ ይንገሩልኝ» አሉ። መሪጌታም ረጋ ብለው አስረዱ፦ በግዕዝ ጼዋ ማለት ምርኮ ነው፤ ምርኮኛው ወታደር ሆነ፤ ወታደሩ መሬት ተሰጠው፤ መሬት ያገኘው ጌታ ሆነ፤ የጌታ ልጅ ጨዋ ተባለ። የግራዝማች ፊት ጠቆረ።

«ታዲያ እኛ የምርኮኛ ዘር ነን?»

«ኧረ የለም ግራዝማች። ለመማረክም እኮ መዝመት ያስፈልጋል።»

ከዚያ በኋላ ነው ግራዝማች የወይዘሮ አልጣሽን የወንዝ ዳር መሬት ይገባኛል ብለው የከሰሱት። አልጣሽ ባሏ በመጨረሻው ዘመቻ ወድቆ የቀረባት፣ አምስት ልጅ ከዚያችው መሬት የምታበላ ሴት ናት። የመሬቱ ውል በደብሩ ወንጌል ባዶ ገጽ ላይ ተጽፎ ተገኘ፤ የጥንት ንጉሥ «ለጨዋ ይሁን» ብሏል።

«እዚህ አገር ከእኔ ሌላ ጨዋ ማን አለ?» አሉ ግራዝማች።

ዳኛው ቃሉ በተጻፈበት ዘመን ምን ማለት እንደነበር መሪጌታን ጠየቁ።

«መሬት ይዞ በተጠራ ቀን የሚዘምት ወታደር ማለት ነበር። አልዘምትም ያለ እንደሆነ ለዘመተው ይለቃል።»

«እዘምታለሁ!» አሉ ግራዝማች። «ሰኞ ለሚወጣው ጦር ከሁሉ ቀድሜ እገኛለሁ።»

ከግራዝማች ግብር ቀርተው የማያውቁት ዳኛ ደስ አላቸው። ሰኞ ከዘመቱ መሬቱ የግራዝማች፣ ካልዘመቱ የአልጣሽ ይሁን ብለው ፈረዱ።

«ባሌ ሄዶ ቀረ፤ እሳቸው እሄዳለሁ ስላሉ ሊወስዱብኝ ነው?» አለች አልጣሽ።

መሪጌታ ጠጋ ብለው «አይዞሽ ልጄ፣ ዘርሽን አዘጋጂ» አሏት።

ሰኞ ጠዋት ጦሩ ተሰልፎ፣ ዳኛው ተቀምጠው፣ አልጣሽ ቆማ ሲጠበቅ፣ የግራዝማች ሽማግሌ አሽከር ብቻውን እያለከለከ ደረሰ።

«ጌታዬ ዛሬ ኮሶ ጠጥተዋል። የመሬቱን ነገር ነገ መጥቼ እነጋገራለሁ ብለዋል።»

«እግዜር ይማራቸው» አሉ መሪጌታ። «መሬቱም ኮሶ ጠጥቷል፣ እንግዳ አያነጋግርም በልልኝ።»