አንዲት በርጩማ

በአንድ ወቅት፣ ያም ወቅት ያን ያህል ሩቅ አይደለም፣ ከወንዝ ዳር ሸክላ እየሠሩ የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ። ከላያቸው ያለው መንደር በእነሱ ድስት ወጡን ይሠራል፣ በእነሱ ጋን ጠላውን ይጠምቃል። እነሱን ግን «ቡዳ» እያለ ከደጅ አያሳልፋቸውም። ድግስ ሲኖር ከአጥር ውጭ ያስቀምጥና በገል ያበላቸዋል፤ ሲጨርሱ ገሉን አርቆ ይጥለዋል። ድስቱ ንጹሕ፣ ድስቱን የሠራው እጅ ርኩስ ነው ማለት ነው። ይህን ሳወራ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

አንድ ቀን የመንደሩ ባላባት ፊታውራሪ መሸሻ፣ ሸክላ ሠሪዎቹ አፈር የሚያወጡበትን ጉድጓድ አጥሮ ባሕር ዛፍ ተከለበት። አፈር ከሌለ ሥራ የለም፤ ሥራ ከሌለ የሚቀመስ የለም። ሽማግሌዎቹ «እግዜር ያያል» ብለው ተቀመጡ። ሦስት የአንድ እናት ልጆች ግን እምቢ አሉ።

ትልቁ ጓንጉል «አጥር ለከብት ነው» አለና በጠራራ ፀሐይ ገብቶ ችግኙን ነቃቀለው። ሊይዙት የመጡት አሽከሮች ሲያጡት የጎረቤቶቹን ጎጆ አቃጠሉ። ከዚያ ወዲህ ግን ሁሉም ጓንጉል ይመለሳል ብሎ ስለ ፈራ ፊታውራሪ ዳግመኛ የሚተክልለት ሰው አላገኘም።

እኅቱ ዘርፌ ሴቶቹን ሰበሰበች። «አንዲት ድስት ሽቅብ አትውጣ» አለቻቸው። የፊታውራሪ ወንድ ልጅ ሠርግ ደርሶ ጠላ የሚጠመቅበት ጋን ጠፋ፤ አፍንጫቸውን ይዘው ያልፉ የነበሩ እመቤቶች ወንዝ ድረስ ወርደው ለመኑ። መልሷ «ጉድጓዱን መልሱ» ብቻ ነበር። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ እውነት ነው። ካልሸጠ ቤት ግን እህል አይገባምና የጎረቤቷ የየብርነሽ ጡት ደርቆ አራስ ልጇ ሞተባት። ዘርፌ ከቀብሩ ቆማ አለቀሰች፤ «ሽጡ» ግን አላለችም።

ትንሹ ሙላት በሠርጉ ዕለት ዳሱ ውስጥ ገብቶ ከሙሽሮቹ ማዕድ ተቀመጠና ቆረሰ። ዱላ ወረደበት። ራሱ እየደማ «ይህን ድስት የሠራችው እናቴ ናት፤ ልጇ ቢበላበት ምን ይሆናል?» አለ። ያን ጊዜ ሙሽራይቱ አስካለ እጇን ዘርግታ አብራው በላች። አንዳችም አልሆነችምና ከቡዳ ጋር የበላ ይሞታል ይባል የነበረው ውሸት በሕዝብ ፊት ተጋለጠ። ሙሽራው ግን በዚያው ፈታት፤ አባቷም ቤቱን ዘጋባት።

ከሳምንት በኋላ የመንደሩ ሸንጎ ጉድጓዱን መለሰ። ወዶ አይደለም፤ ጨንቆት ነው። ቀጥሎም «ከእንግዲህ ስለ እናንተ የሚናገር አንድ ሰው ከእኛ ጋር ይቀመጥ» ብሎ አንዲት በርጩማ አወጣ። አንዲት ብቻ።

ሸክላ ሠሪዎቹ እርስ በርስ በጠብ ተያያዙ። አንዱ «የጓንጉል ናት» ሲል፣ ጎጆው የነደደበት «በእኔ አመድ ላይ ማንም አይሾምም» አለ። ሌላው ዘርፌን ሲጠራ የብርነሽ «እኔን ማን ጠየቀኝ?» አለች። ሙላትን የጠሩትም፣ በእሱ ሰበብ የተባረረችው አስካለ የት እንደገባች አያውቁም። ፊታውራሪ ከሩቅ ሆኖ ያያል፤ ይህንኑ ነበር የፈለገው።

እንግዲህ እናንተ ፍረዱ። «ለሦስቱም» እንዳትሉኝ፣ በርጩማዋ አንድ ናት። «ማንም አይቀመጥ» እንዳትሉኝ፣ ባዶዋን ካደረች ጉድጓዱ ነገ ይታጠራል። ችግኙን ለነቀለው ናት? ገበያውን ለዘጋችው? ማዕዱን ለደፈረው? ወይስ ማንም ሳያማክራት ልጇን ለቀበረችው?