የክበቡ ማኅተም

በአንድ ወቅት ሰንበሌጥ በምትባል ከተማ አንድ የፖለቲካ ክበብ ነበረ። አባላቱ ሃያ ቢሆኑ ነው፤ ጭቅጭቃቸው ግን የሺህ ሰው ነበር። በዚያው ዘመን የአውራጃው ሸንጎ ስለ ፖሊስና ስለ ፍርድ አዲስ ሕግ አረቀቀ፦ የተያዘ ሰው በሁለት ቀን ዳኛ ፊት ይቅረብ፣ ታጉሮ ያመነው አይያዝበት፣ አውጫጭኝም ይቅር። አውጫጭኝ ማለት ዕቃ ተሰርቆ ሌባው ሲጠፋ አገሬውን አጥር ውስጥ ማጎር ነው። አንዱ «ወፍ» ሆኖ በሹክሹክታ ስም እስኪጠራ ማንም አይወጣም። ሸንጎው «ክበቡ በማኅተሙ ከደገፈው ቅዳሜ እናጸድቀዋለን፤ አለዚያ ይቀራል» አለ።

ክበቡ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ድምፅ ተስማማ። የድጋፍ ደብዳቤው ተጻፈ። ማኅተሙን ቢፈልጉት ግን የለም። የፖሊስ አዛዡ ይህን ሲሰማ ደስታውን መደበቅ እንኳ አልቻለም። «አዲሱ ገና አልጸደቀም፤ በአሮጌው ግቡ!» ብሎ ሃያውንም ከብት በረት ውስጥ አጎራቸው።

ከታጎሩት አባላት አንዷ፣ ደብሪቱ የምትባል ባልቴት፣ ሌባውን አይታለች። ሊቀመንበሩ ሰይፈ አዛዡን ፈርቶ ማኅተሙን ኮቱ ኪስ ሲከት በዓይኗ አይታዋለች። ቀስ ብላ «አቶ ሰይፈ፣ ይመልሱት» ብትለው ፊቱን አዞረ። ጮክ ብላ ትናገር እንዳይባል፣ አንድ ልጇ አንለይ በወፍ ሹክሹክታ ተይዞ ያለ ፍርድ ዓመት ታስሯል። ያኔ «እኔ በማንም ላይ ወፍ አልሆንም» ብላ ምላለች። አገሬው «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይላል፤ ይህን ያለው ሰው ግን ልጁ አልታሰረበትም። ደብሪቱም የሰይፈን ስም ሳትጠራ ሁለት ቀን በበረቱ ቆየች።

ድንበሩ የክበቡ ጸሐፊ ነው። ማኅተሙን አልነካም። ዓርብ ረፋድ ላይ አንድ ሽማግሌ በጥም ሲወድቁ አየና ተነሣ። «የወሰድኩት እኔ ነኝ፤ ክፈቱላቸው!» አለ። በረቱ ተከፈተ። ካቴና ሳይገባለት በኪሱ የነበረውን ያልታተመ ደብዳቤ በረቱ ደጅ ለቆመው ጎረቤቱ ለጥላዬ አቀበለው። አዛዡም «አያችሁ፣ አውጫጭኝ ይሠራል!» እያለ ከተማውን ዞረ።

ጥላዬ ቀጥቃጭ ነው። የጠፋውን ማኅተም ድሮ የቀረጸው እሱ ስለነበር መልኩን ጣቱ ያውቀዋል። ቤቱ ገብቶ ሌላ ቀረጸ፤ ደብዳቤው ላይ መታበት፤ ቅዳሜ ጧት ለሸንጎው አስረከበ። ሸንጎው ከስርቆቱ በፊት የታተመ መስሎት ሕጉን አጸደቀ። እኩለ ቀን ላይ አንለይ ተፈታ። እናቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች።

ሕጉ በጸደቀ በሁለተኛው ቀን፣ ሰኞ፣ ድንበሩ በአዲሱ ሕግ ዳኛ ፊት ቀረበ። ዳኛው «በበረት ያመንከው አይያዝብህም። ማለህ አንድ ነገር ንገረኝ፦ ማኅተሙ የጠፋው ደብዳቤው ከመታተሙ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ዝም ካልክ ምርመራው ወደ አዛዡ ይመለሳል» አሉት።

ድንበሩ «በኋላ» ቢል በሐሰት ይምላል። «በፊት» ቢል ሕጉ ይፈርሳል፤ አንለይም ወደ እስር ይመለሳል፤ በረት ውስጥ ያመነውም ይያዝበታል። ደብሪቱ ሰይፈን ብትጠራ መሐላዋን ታፈርሳለች፤ እውነተኛው ማኅተም ከኪሱ ይወጣል። የማኅተሙ ጠርዝ ድሮ ተሸርፏል፤ ደብዳቤው ላይ ያለው ምልክት ግን ሙሉ ስለሆነ ሐሰተኛነቱ ይገለጣል። ጥላዬ «እኔ ነኝ የቀረጽኩት» ቢል ወህኒ ይወርዳል፤ ሕጉንም ይዞት ይወርዳል።

ሰይፈ ፊት ወንበር ላይ እጁን ኪሱ ከቶ ተቀምጧል። አዛዡ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ደብሪቱ የልጇን እጅ ጨብጣለች፤ ጥላዬ ከኋላዋ ቆሟል። ዳኛው ብዕራቸውን አንሥተዋል።

እናንተ የሰማችሁ፣ እስቲ ፍረዱ፦ ከድንበሩ፣ ከደብሪቱና ከጥላዬ አፉን መክፈት ያለበት ማን ነው?