የአንጓች ልጅ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። ይህን ያወራችልኝ አያቴ ናት፤ እሷም በዓይኗ አይታዋለች።

ዘመኑ ሲኒማ ብርቅ የነበረበት ነው። ገደራ በምትባል ትንሽ ከተማ ሙሴ ሀጎፕ የሚባል አርመን ሲኒማ ቤት ነበረው። አዳራሹን የምትጠርግ ጥሩአየር የምትባል ወጣት ነበረች። ስትጠርግ ታያለች፤ ስታይ ትማራለች። የተበጠሰ ፊልም መቀጠል ቻለች። ማሽኑን ማንቀሳቀስ ቻለች። ሙሴ ሀጎፕ እርጅና ሲጫነው ካሜራውን ሰጣት። ሴት ፊልም ትሠራለች ሲባል በዚያ አገር ተሰምቶ አያውቅም፤ ሰዉ ሳቀባት። ሳቁን ቻለችው።

ያልቻለችው ሌላ ነገር ነበር። እናቷ አንጓች ሸክላ ሠሪ ናት። ያን ጊዜ ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው ይባል ነበር። አብሮት የሚበላ የለም፤ ከልጁ ጋር የሚጋባ የለም። ጥሩአየር ከመንደር ወጥታ ከተማ ስትገባ የማን ልጅ እንደሆነች ለማንም አልተናገረችም። ቅዳሜ ቅዳሜ እናቷ እንስራዋን አዝላ ገበያ ትመጣለች። ልጅቱ እንደማታውቃት ሆና በአጠገቧ ታልፋለች። እናት ታያታለች፤ እንስራዋን ወደ መሸጡ ትመለሳለች።

ታዲያ ጥሩአየር የመጀመሪያ ፊልሟን ስለ አንዲት ሸክላ ሠሪ ጀመረች። ከልቧ የምታውቀው ሕይወት እሱ ነበር። ሸክላ ሠሪዋን ሆና እንድትጫወት የመረጠችው ስንዱ የምትባል የነጋዴ ልጅ ነው፤ መልከ መልካም ናት። ስንዱ ግን ጭቃ ነክታ አታውቅም፤ እንስራው በእጇ ላይ ይፈርሳል። ጥሩአየር ጨነቃት። ገበያ ሄዳ እናቷ ፊት ቆመች፤ ሰው እንዳይነቃባት «እሜቴ» ብላ ጠራቻት፤ እንደ ባዳ። ለፊልሙ ሥራ እንድትመጣላት ለመነቻት። አንጓች በማግስቱ ነጠላዋን አጥባ፣ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ቅቤ ተቀብታ መጣች። ጥሩአየር ካሜራውን በእናቷ እጅ ላይ ብቻ ደገነች።

«ፊቴስ?» አለች እናት ቀስ ብላ።

«ፊት አያስፈልግም» አለች ልጅ።

አንጓች ጭቃውን አቡክታ እንስራውን አበጀች። እጇን ታጥባ ሄደች። ጥሩአየር ያን ቀን እህል አልቀመሰችም።

ፊልሙ አለቀ፤ የሚታይበት ቀን ደረሰ። አዳራሹ ጢም አለ። አንጓችም መጥታ ከኋላ ተቀመጠች። እነዚያ እጆች ጭቃውን ሲያነሱት ሕዝቡ አጨበጨበ። ወዲያው አንዲት ሴት ዞር ስትል አንጓችን አየች፤ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ተነሣች። ሸክላ ሠሪ አጠገቤ አስቀመጡብኝ ብላ አጉረመረመች። በር ጠባቂው ከኋላ ማሽኑ አጠገብ ወደቆመችው ወደ ጥሩአየር መጥቶ ሴትዮዋን ታውቃት እንደሆነ ጠየቃት።

«ገበያ ላይ አይቻታለሁ» አለች ጥሩአየር።

አንጓች ሰማች። የሚያስወጣት ሰው ሳትጠብቅ ራሷ ተነሥታ ወጣች። ሰዉ ማጨብጨቡን አላቋረጠም። ጥሩአየርን ጭብጨባው ፊቷን እንደ ጥፊ አቃጠላት።

የፊልሙ ዝና አዲስ አበባ ደረሰ። ጥሩአየርና ስንዱ ተጠርተው ሄዱ። ትልልቅ ሰዎች አዩት፤ ወደዱት። አንዲት አሮጊት ወይዘሮ እነዚያ ግሩም እጆች የማን እንደሆኑ ጠየቀች። ጥሩአየር አፏን ከፈተች። ከአፏ የወጣው የስንዱ ስም ነው። ስንዱ እጇን በነጠላዋ ሸፈነች።

ሲመለሱ አውቶቡስ ላይ ስንዱ አንድ ነገር አለች።

«የሰው እጅ ወስጄ ተመሰገንኩ። አፈርኩ። የሴትዮዋን ስም እንኳ አላውቅም፤ አንቺ ታውቂዋለሽ?»

ጥሩአየር ካሜራዋን ጭኗ ላይ ጠበቅ አድርጋ ያዘች። ከዚያ «አንጓች ትባላለች፤ እናቴ ናት» አለች። ስንዱ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ ገደራ እስኪደርሱ አላነጋገረቻትም።

ጥሩአየር ካሜራዋን ይዛ በቀጥታ መንደሯ ገባች። እናቷ እግር ላይ ወደቀች፤ ፊትሽን በካሜራ ላንሣው ብላ ለመነቻት። አንጓች አነሣቻት፤ ውኃ ሰጠቻት።

«አልተቀየምኩሽም፣ ልጄ። ግን መታየት ያማረኝ ያኔ ነበር። አሁን አላማረኝም» አለቻት።

ብትለምናት እሺ አላለችም። የአንጓች ፊት በፊልም ሳይነሣ ቀረ።

በሚቀጥለው እሑድ ፊልሙ እንደገና ታየ። መብራቱ እንደጠፋ ከፊት አንድ ድምፅ ተሰማ፤ እኔ የሸክላ ሠሪዋ የአንጓች ልጅ ነኝ፣ እጁም የእሷ ነው የሚል። ማን እንደተናገረ የሚያይ አልነበረም። ከዚያ ጥሩአየር መብራቱን አስበራች። መጋረጃው ፊት ቆማ፣ ላብ አጥምቋት፣ ሰዉ ሁሉ እያያት ያንኑ ደገመችው። ግማሹ ሰው ተነሥቶ ወጣ። ስንዱ ከተቀመጠችበት አልተነቃነቀችም።

ከዚያ በኋላ ጥሩአየር ብዙ ፊልም ሠራች። በየፊልሙ መጀመሪያ ቆማ ያንኑ ትል ነበር። አያቴ እንዳለችው፣ አርጅታ እንኳ ስትናገረው ጉንጯ ይቀላ ነበር።

ይኸው ዛሬም በገደራ ፊልም የሚያሳይ ሰው ሁሉ አስቀድሞ ይቆምና የእናቱን ስምና ሥራ ይናገራል። መብራቱም የሚጠፋው ተናግሮ ሲጨርስ ነው።