ያልተፈቱት ጆንያዎች

በሬ እያደለበ የሚሸጥ ሙሄ የሚባል አንድ ሰው ነበር። ከሦስት በሬዎቹ ሌላ ሀብት አልነበረውም። ለአረፋ በዓል ደልበው ካልተሸጡለት የሚመጣውን ዓመት በሰው ቤት ተቀጥሮ ሊያሳልፍ ነው።

ዝናቡ ካቆመ በኋላ የግጦሹ ሣር እየደረቀ ሄደ። ጓዳው ውስጥ ግን ፋጉሎ፣ ኑግ ተጨምቆ ዘይቱ ከወጣ በኋላ የሚቀረው መኖ፣ በጆንያ በጆንያ ተደርድሯል።

ሚስቱ ዘይነባ በየጠዋቱ ትጨቀጭቀዋለች።

«አንተ ሰውዬ፣ ደረቅ ሣር ብቻውን እንዴት ያወፍራቸዋል? ማታ ማታ ትንሽ ፋጉሎ ጨምርላቸው እንጂ!»

«ሣር እያለ ፋጉሎ? ሀብታም ሆንሽብኝ እኮ! እሱ የክፉ ቀን ነው።»

«ክፉ ቀን በር አንኳኩቶ የሚመጣ መሰለህ?»

ሙሄ ሳቀባትና ወደ መስኩ ወጣ።

ሣሩ አለቀ፤ ሙሄ ግን «ገና ነው» እያለ ጆንያዎቹን አልፈታም። የበሬዎቹ ጎድን ከሩቅ የሚቆጠር ሆነ። አንድ ጠዋት ትልቁ በሬ ከተኛበት መነሣት አቃተው። ጎረቤቶች ተጠርተው መጡ፤ በሆዱ ሥር አጣና አስገብተው «ያ አላህ!» እያሉ አነሡት። ቆመ። እግሮቹ ተንቀጠቀጡ። ተመልሶ ወደቀ።

ሙሄ ሮጦ አንዱን ጆንያ ፈታና ፋጉሎውን በእፍኙ ይዞ ከበሬው አፍ ሥር ተንበረከከ።

«ብላ እንጂ! ብላ የኔ ጌታ!»

በሬው አሸተተና ፊቱን አዞረ። ዘይነባ የባሏን ክንድ ያዘች።

«ለሱ ዘግይተናል። ለሁለቱ እንድረስላቸው።»

ጭድ ከጎረቤት ለምነው ፋጉሎውን እየቀላቀሉ ሰጧቸው። ሁለቱ ተረፉ፤ የሚበሉት ግን የጠፋውን ሥጋ ከመመለስ አላለፈም። አረፋ ሲደርስ ነጋዴው መጣ። የበሬዎቹን ዳሌ ጨበጥ አደረገ፤ ቀጥሎም በጓዳው በር የቀሩትን ጆንያዎች አየ።

«ሙሄ ወንድሜ፣ ያደለብከው ጆንያዎቹን ነው እንዴ?» አለና ወደ ሌላ ቤት አለፈ።

በሬዎቹ ሳይሸጡ ቀሩ፤ ሙሄም ከበዓሉ በኋላ የሰው ከብት ሊጠብቅ ተቀጠረ።

ፋጉሎ ሣርን ያግዛል እንጂ አይተካም። የእኛም እርዳታ እንዲሁ ነው። የቆመን ሰው ለማበርታት እፍኝ ትበቃለች፤ የወደቀውን ለማንሣት ግን ሙሉ ጎተራ ላይበቃ ይችላል። እናንተስ፣ እስኪወድቅ የምትጠብቁት ሰው ይኖር ይሆን?