«እስማማለሁ» ያለው ጅብ

አንድ ጊዜ፣ ስልክ ከከተማ ወጥቶ ጫካ በገባበት ዘመን፣ ቀበሮ ከአንድ ግራር ሥር ሱቅ ከፈተች። ስልክ ትሸጣለች፣ አፕ ትጭናለች፣ የተበላሸ ይዞ የመጣውን ደግሞ «ነገ ና» ትላለች።

የመጀመሪያው ደንበኛዋ ጅብ ነበር።

«እመት ቀበሮ፣ ሆዴ ከጀርባዬ ተጣበቀ። አህዮቹ ነቅተዋል፤ የት እንደሚግጡ እንኳ አላውቅም።»

«አያ ጅቦ፣ ዘመኑ ሠልጥኗል እኮ! ይኸው ‹ጎረቤቴ› የሚባል አፕ አለልህ። የጫነው ሁሉ ካርታ ላይ እንደ ነጥብ ይታያል። ለአህዮቹ ጥሩ ሣር ይጠቁማል ብዬ እጭንላቸዋለሁ። አንተ ነጥቧን መከተል ነው። የአህያዋን ጉበት ብቻ ለእኔ ታስቀርልኛለህ።»

ስልኩ ላይ ረጅም ጽሑፍ መጣ።

«ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?»

«ደንብ ነው፤ ማንም አያነበውም። ከታች ‹እስማማለሁ› የሚለውን ንካ።»

ጅብ በምላሱ ላሰው። ተስማማ።

ቀበሮ ቀጥላ ወደ አህዮቹ ሄደች። በአህዮች ዘንድ ግን ማንኛውም ውል ሁሉም ተሰብስበው ጮክ ተብሎ ሳይነበብ ሰኮና አይነካውም።

«እትዬ ቡላ፣ ይሄ እኮ የስልክ ነገር ነው፤ የሚነበብ አይደለም» አለቻት ቀበሮ፣ የመንጋውን ታላቅ።

«ከተጻፈማ ይነበባል» አለች ቡላ።

ሦስት ቀን አነበቡት። በመጀመሪያው ቀን ግማሾቹ አንቀላፉ። በሁለተኛው ቀን አንድ ሽማግሌ አህያ «ይሄን ከምሰማ ጨው ብሸከም ይሻለኛል» ብሎ አማረረ። በሦስተኛው ቀን አንቀጽ አርባ አንድ ላይ ደረሱ፦ «ተጠቃሚው ያለበት ቦታ ለሌሎች ተጠቃሚዎች ሁሉ ይታያል።»

የቡላ ጆሮዎች ቆሙ። ባለፈው ክረምት እህቷን ጅብ በልቶባታል።

«‹ሁሉ› ማለት እሱም ጭምር ነው» አለች።

«እንወርውረው!» አሉ ሌሎቹ።

«ቆዩ፣ አላለቀም።» አንቀጽ አርባ ሁለት እንዲህ ይላል፦ «መታየት የማይፈልግ ከታች ያለችውን ትንሽ ምልክት ያጥፋ።»

አጠፏት። ከዚያ ተስማሙ።

በማግሥቱ ጅብ ስልኩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ወጣ። ካርታው ባዶ ነው። አህዮቹ ግን የእሱ ነጥብ ወንዙን ሲሻገር ያያሉ።

«መጣ» አለች ቡላ፤ ወደ ኮረብታው ወጡ።

«አሁንስ?»

«ቆሟል። እያከከ ይሆናል።»

ጅብ ሱቁ ድረስ እየተንደረደረ ሄደ።

«እመት ቀበሮ፣ አንድም አህያ የለም!»

«ኔትወርኩ ነው» አለችው። በነጋታው «አጥፍተህ አብራው» አለችው። በሦስተኛው ቀን «አፕዴት አድርገው» አለችው። በአራተኛው ቀን ሱቋን ዘግታ ዋለች።

በአምስተኛው ቀን ግን ጉበቱ ስለቀረባት ተጨነቀችና ችግሩን ላጣራ ብላ አፑን በራሷ ስልክ ጫነች። ደንቡን የገለበጠችው ከከተማ ነው፤ እሷም አንብባው አታውቅም። «እስማማለሁ» አለች።

በዚያው ቅጽበት በጅብ ካርታ ላይ አንዲት ነጥብ ብልጭ አለች። ምራቁን እያዝረበረበ ተከተላት። ነጥቧ ከግራሩ ሥር አደረሰችው።

«እመት ቀበሮ፣ አፕሽ ሠራ!»

«እሰይ! አህያ አገኘህ?»

«አንቺን አገኘሁ።»

«አያ ጅቦ! ወዳጆች አይደለንም እንዴ?»

«ስንተኛው አንቀጽ ላይ ነው?»

ቀበሮ አላነበበችውም። እግሬ አውጪኝ አለች። ጉድጓድ ገባች፤ ነጥቧ አጋለጠቻት። ቁጥቋጦ ውስጥ ተሸጎጠች፤ አሁንም አጋለጠቻት። በመጨረሻ ስልኩን ጥላ አመለጠች። ጅብ ካርታውን ሲያይ ነጥቧ እግሩ ሥር ናት። «ያዝኩሽ!» ብሎ ስልኩን ከነሽፋኑ ዋጠው።

ከዚያን ቀን ወዲህ ጅብ በሄደበት ሁሉ ከሆዱ «አፕዴት ያድርጉ! አፕዴት ያድርጉ!» የሚል ድምፅ ይሰማል። አህዮቹም ስልካቸውን ዘግተው፣ ጆሯቸውን ብቻ አቁመው በሰላም ይግጣሉ።

ከዚህ የምንማረው፣ አንብባ የዘገየች አህያ ሳያነብ ከተስማማ ጅብም፣ ሳታነብ ካስማማች ቀበሮም እንደምትበልጥ ነው።